የአንጣፊዋ ምርቃት

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በሌላው ነገር ሁሉ ቁጥብ ሰው ነበር። ጠላ ሲቀርብለት ከአንድ ዋንጫ አያልፍም፤ ቢያሙት ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ሚስቱ የብርጓል ስትቆጣው ቁጣዋ እስኪበርድ ጢሙን እያሻሸ ይጠብቃል። የሕግ ነገር ሲነሣ ግን አፉን የሚገታ ልጓም አልተሠራለትም። አንድ ጊዜ ስለ አንድ አንቀጽ ትርጉም ሲከራከር ያለው ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ፣ ሬሳው ሳይወጣ ድምፁ ከአልቃሾቹ በላይ ተሰምቷል። አገሩ ይህን ነውሩን ያውቅለታል፤ ይሥቅበት ነበር እንጂ አይጠላውም።

ሥራው የሕግ መጽሐፍ መጠበቅ ነው። ከይጁቤ ወረድ ብሎ፣ ደጋው አልቆ የዓባይ በረሃ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ በተሠራች አንዲት ደብር ከአባቱ የተረከበው የብራና መጽሐፍ አለ። ዳኞች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገሩ ሲከብዳቸው «መጽሐፉ ይምጣ» ይላሉ። ወልደ ሩፋኤል መጽሐፉን በቆዳ ማኅደሩ አንግቶ ይደርሳል፤ ግእዙን ያነባል፣ በአማርኛ ይተረጉማል፣ ዳኛው ይፈርዳል፣ እሱም መጽሐፉን አንግቶ ይመለሳል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። ያገሩ ሰው «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ባይ ነውና ለአንድ ስንዝር መሬት ሦስት ቀን ይሟገታል፤ ወልደ ሩፋኤልም ሦስቱንም ቀን አይሰለችም።

መጽሐፉ ባዶ መሬት አይነካም። አትሮንስ በሌለበት ቦታ ሲፈረድ የዚያ ቤት እመቤት ንጹሕ ልብሷን አምጥታ ታነጥፍለታለች። አንጣፊ ትባላለች። ጠባቂው የክርስትና ስሟን ይጠይቅና በልቡ ይይዘዋል፤ ፍርዱን በጉባኤ በተናገረ ቁጥር መጨረሻ ላይ በስሟ ይመርቃታል። ዳኛው ሹመት አለው፣ የረታው መሬቱ አለው፤ ለአንጣፊዋ ግን ያቺ ምርቃት ብቻ ናት የምትደርሳት። ስለዚህ ምርቃቷን መርሳት ትልቅ ነውር ነበር።

የምርቃቱ ቦታ ደግሞ ክለሳ ነው። የሕግ ጠባቂ አንዴ ከተማረ ተማረ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ትምህርት አለበት የሚል ሰው ካለ የኔታ ገብረ ኪዳንን አላያቸውም ማለት ነው። የኔታ ደምበጫ አጠገብ ወንበር ዘርግተው አርባ ዓመት ሕግ ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። ከእሳቸው ዘንድ ያስመሰከረ ጠባቂ ሁሉ፣ ጢሙ ሸብቶ የልጅ ልጅ ቢያይም፣ በየዓመቱ ከመስቀል ማግሥት ስንቁን አንግቶ ይመለስና ለሁለት ሳምንት እንደ ጀማሪ ተማሪ መሬት ላይ ይቀመጣል። መጽሐፉን ከየኔታ መጽሐፍ ጋር ያስተያያል፤ የተሳሳተች ፊደል ብትገኝ በምላጭ ተፍቃ ትታረማለች። ቀጥሎ እያንዳንዱ በተራው ይቆምና በዓመቱ መጽሐፉ የተገለጠባቸውን ፍርዶች በቃሉ ይናገራል፤ የተከራከረውን፣ የመሰከረውን፣ የተነበበውን አንቀጽ፣ የተፈረደውን፣ በመጨረሻም አንጣፊዋን። ትርጓሜው የጸና የሚሆነው ፍርድ ሲያስከትል ነው፤ «ፍርድ የሌለው ትርጓሜ ወሬ ነው» ይላሉ የኔታ። አንዲት ነገር የዘለለውን ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጡትና «ጎደለ» ይሉታል። ጎደለ የተባለ ጠባቂ ዓመቱን ሙሉ በባልንጀሮቹ መካከል አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። ወልደ ሩፋኤል በሃያ ዓመት ክለሳ አንድ ቀን እንኳ ጎደለ ተብሎ አያውቅም።

ጣልያን ገባ። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ጎጃም ሸፈተ፤ ጣልያንም ከደብረ ማርቆስ ምሽጉ እየወጣ መንደር ማቃጠል ያዘ። የየኔታ መንደር ከነደዱት አንዱ ነበር። የኔታ መጽሐፋቸውን ይዘው ጫካ ገቡ፤ በሦስተኛው ሳምንት በብርድ ሞቱ። ክለሳውም አብሯቸው ሞተ። የሚቀጥለው መስቀል ሲደርስ ወልደ ሩፋኤል ከልማዱ የተነሣ ስንቁን ካስቋጠረ በኋላ የሚሄድበት እንደሌለ ትዝ ብሎት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የብርጓል ቋጠሮውን ፈታችው።

በኅዳር ወር አርበኞች ላኩበት። ከአፋፉ በታች በረሃው መግቢያ ላይ የምትኖር ሥራነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ለአርበኞች እህል የምትፈጭ፣ ቁስለኛ የምታስታምም፣ ምላሷ ግን ከጣልያን ጥይት የማይተናነስ ሴት። ወልደ ሩፋኤል መጽሐፉን አንግቶ ቤቷ ሲደርስ ያየውን ማመን አቃተው። አለበል የሚባለው የአርበኞች አለቃ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ነጠላውን አደግድጎ እንደ ማንም ተከሳሽ ቆሟል። ከሳሹ እግሩ የተሰነጣጠቀ አንድ ባላገር ነው።

«የማርስበትን በሬ ወሰደብኝ» አለ ባላገሩ። «ለአገር ነው የምንዋጋው አለኝ። እኔስ አገር አይደለሁም ወይ?»

አለበል አልካደም። «ሰዎቼ አራት ቀን አልበሉም ነበር። መጽሐፉ ለተራበ ወታደር ይፈቅድ እንደሆነ ይነበብልኝ። ካልፈቀደ እከፍላለሁ» አለ።

ሥራነሽ ከሙዳዩ አጠገብ ካለው ቅርጫት አንድ ያልተለበሰ ኩታ አውጥታ አነጠፈች። መገነዣዬ ብላ ያስቀመጠችው እሱ ብቻ ነበር ንጹሑ ልብሷ። ወልደ ሩፋኤል መጽሐፉን አሳረፈበትና አነበበ። የተራበ ሰው ነፍሱን የሚያቆይበትን ያህል ቢወስድ እንደ ሌባ አይቆጠርም፤ የወሰደውን ግን ይመልሳል፤ ጦር መሣሪያ የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል፣ ባለቤቱ እንቢ ማለት አይችልምና። የኔታ ያስተማሩት ትርጓሜ ይህ ነበር። ለዳኝነት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ፈረዱ። አለበል ሁለት በሬ አስነድቶ ለባላገሩ ሰጠ፤ ባላገሩም መሬት ስሞ ሄደ።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ወልደ ሩፋኤል እንዲህ ያለ ፍርድ አላየም። አገር ሲነድ፣ ንጉሥ በሌለበት፣ ባለ ጠመንጃ ለመጽሐፍ ሲንበረከክ። የኔታ ቢኖሩ ይህን ሰምተው ምን ይሉ ነበር እያለ ሲያስብ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አለበል ግን ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «መሪጌታ፣ ይህ ቤት የታወቀ ዕለት አመድ ነው። ሴትዮዋም ከቤቱ ጋር» አለው።

ወልደ ሩፋኤል እጁን መጽሐፉ ላይ ጭኖ ስለ ቤቱ ላይናገር ማለ። ሥራነሽ ኩታዋን እያጠፈች ሳቀችበት።

«እርስዎ? ለቅሶ ቤት ለአንቀጽ የተጣሉት መሪጌታ?»

«በመጽሐፉ ምያለሁ፣ ሥራነሽ።»

«መጽሐፉንስ አምነዋለሁ» አለች። ከዚያ ወጉ ነውና የክርስትና ስሟን ጠየቃት። ወለተ ሐዋርያት ነኝ አለችው።

ጥር ላይ ጣልያን አዋጅ አስነገረ። የሕግ መጽሐፍ የሚጠብቅ ሁሉ መጽሐፉን ይዞ ደብረ ማርቆስ ይግባ፤ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ አርባ ቀን ስለ መጽሐፍ አጠባበቅና ስለ አዲሱ ሕግ ይማራል፤ ተምሮ የምስክር ወረቀት ያልያዘ መጽሐፍ ማስቀመጥ አይፈቀድለትም፣ መጽሐፉም ይወረሳል።

የብርጓል አዋጁን ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «መጽሐፉን ቅበሩት፤ እርስዎም በረሃ ይውረዱ።»

«መጽሐፍ እንደ ድንች ይቀበራል?» አለና ማኅደሩን ማሰር ጀመረ። መጽሐፉ እንዳይወረስ ብዬ ነው የምሄደው አለ። እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት ነበር፤ ከጠባቂዎች መካከል መቀመጥ፣ አንቀጽ እየጠቀሱ መከራከር ናፍቆት ነበር። ረሃብ የምግብ ብቻ አይደለም። ይህን የብርጓል ገባት፤ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እባክዎን» ብላ ሸኘችው።

አሥራ አንድ ጠባቂዎች ተሰበሰቡ፤ ከደምበጫ፣ ከቁይ፣ ከየአፋፉ። ምሽጉ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ክዳን ረጅም ቤት አሳደሯቸው። ከገቡ በኋላ እስከ አርባኛው ቀን ድረስ መውጣት የለም፤ ስንቅ የምታመጣ ሚስት ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ከበሩ ላይ ትገናኛለች። አስተማሪ ሆኖ የቀረባቸው ሰው ሲያዩት ግማሾቹ አለቀሱ። አለቃ ፍቅረ ሥላሴ ነበር፤ የየኔታ ተማሪ፣ ከወልደ ሩፋኤል ጋር አንድ አኩፋዳ ይዘው እየለመኑ የተማሩ፣ በአንድ ደበሎ የተኙ። አሁን ከነጠላው ሥር የካኪ ኮት ለብሷል።

«ምን ታደርገዋለህ፣ ወልደ ሩፋኤል» አለ አቅፎ እየሳመው። «መጻሕፍቱን ከእሳት ማትረፍ የምንችለው እኛ ነን። ያቃጠሉትን አይተሃል። እኔ ባልኖር የእናንተም ይነድ ነበር።»

ትምህርቱ ተጀመረ። አንድ የጣልያን ሹም በአስተርጓሚ እየተናገረ መጽሐፍ ሁሉ ቁጥር ያስፈልገዋል አለ፤ የወልደ ሩፋኤል መጽሐፍ ሰባት ቁጥር ሆነ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ የአባቱ ስም ከተጻፈበት ጎን፣ ሰማያዊ ማኅተም ተመታበት። ጠባቂዎቹ ፊታቸው ጠቆረ። የአዲሱ ሕግ ወረቀት በየወሩ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ያለፈው ወር ወረቀት ይወጣና ይቃጠላል ተባለ። «ሕግ ነው ወይስ የዶሮ ላባ?» አለ አንድ የቁይ ጠባቂ፤ አስተርጓሚው ደግነቱ አልተረጎመውም። ጾም ሲገባ የወታደሮቹ ሥጋ ጥብስ ሽታ ማለዳ ማለዳ በመስኮት ይገባባቸው ነበር።

ነገር ግን ወልደ ሩፋኤል የወደደው አንድ ነገር አለ፣ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ማውጫ መሥራት አስተማሩት። ስለ በሬ የሚናገሩት አንቀጾች የትና የት ገጽ ላይ እንዳሉ፣ ስለ ውርስ የሚናገሩት የትና የት፣ በፊደል ተራ አሰልፎ በወረቀት መጻፍ። ሃያ ሁለት ዓመት በጭንቅላቱ ተሸክሞት የኖረውን ሥራ ወረቀት ተሸከመለት። እንደ ልጅ ደስ አለው። ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ይውላል፤ ፍቅረ ሥላሴ ከኋላው ቆሞ ያየውና «የኔታ ቢያዩህ» ይለዋል። በዚህች ማውጫ የተነሣ ልቡ ላላ። ሲመጣ አጥብቆ የቋጠረው ነገር በአንድ ወር ውስጥ ሳያውቀው ተፈታ።

በሠላሳኛው ቀን ፍቅረ ሥላሴ አንድ የምሥራች አለኝ አለ። «ለምስክር ወረቀቱ ፈተና ስጥ ተብያለሁ። እኔ ግን በእኛ ወግ ይሁን ብዬ አስፈቅጃለሁ። ክለሳ እናደርጋለን። የኔታ እንዳስተማሩን፤ ከንባቡ እስከ ምርቃቱ። ጣልያኑ አይገባም፤ እኛው በእኛው ነን።»

ጠባቂዎቹ እልል ማለት ቀራቸው። ጥግ ላይ ወረቀትና ቀለም ይዞ የተቀመጠ አንድ ጸሐፊ ነበር፤ ለምስክር ወረቀታችሁ ነው አሏቸው፤ ማንም ልብ አላለውም። ፍቅረ ሥላሴ ይህን ያደረገው አውቆ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ እሱም ናፍቆት ነው የሚሉ አሉ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሰው ናፍቆቱንም ወንድሙንም በአንድ ገበያ ሲሸጥ ታይቷል።

ወልደ ሩፋኤል ተራውን ሲጠብቅ የሚናገረውን አስቦ ነበር። ሁለት የድንበር ፍርድና አንድ የውርስ ፍርድ አሉት፤ እነሱን ተናግሮ ይቀመጣል። ስለ በሬው ትንፍሽ አይልም። የሥራነሽ ነፍስ በከንፈሩ መካከል እንዳለች ያውቃል፤ ሲጸልይም ሲተኛም ያስታውሳታል።

ከእሱ በፊት የቆመው አንድ የደምበጫ ሰው ነበር። ስለ ተራበ ወታደር የሚናገረውን አንቀጽ አነበበና ተረጎመ። በመንግሥት ስም የታጠቀ ወታደር ከባላገር ከብት ቢወስድ ዕዳ የለበትም፤ ባላገሩም ቢጮኽ ይገረፋል አለ። ባንዳዎች የባላገሩን ከብት ነድተው ሲያርዱ በሰነበቱበት አገር እንዲህ አለ።

ፍቅረ ሥላሴ ዓይኑን እንደ የኔታ ጨፈነና «ሙሉ ነው» አለ።

ወልደ ሩፋኤል ሳያስበው ራሱን ቆሞ አገኘው። «ሐሰት ነው! የኔታ እንዲህ አላስተማሩም።»

«እንዴት አስተማሩ?»

«ይመልሳል ነው! ያውም እጥፍ!»

«ፍርድ አለህ?» አለ ፍቅረ ሥላሴ በለሰለሰ ድምፅ። «እሱ ፍርድ አምጥቷል። ወጉን ታውቃለህ፤ ፍርድ የሌለው ትርጓሜ ወሬ ነው። ከሌለህ የእሱ ይጸናል፤ በአሥራ አንዱም መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ይጻፋል።»

የኔታ በብርድ የሞቱለት ሕግ፣ በራሳቸው ክለሳ፣ በራሳቸው ወግ ለሌባ ምስክር ሊሆን ነው። ነገ በጎጃም ሁሉ አንድ ባላገር በሬዬን ብሎ ቢጮኽ መጽሐፍ ተገልጦ ይገረፋል። ወልደ ሩፋኤል ደሙ ፈላ። ስም ሳልጠራ ብናገርስ አለ በልቡ። ስም የለ፣ ቦታ የለ፤ ምን ይይዙብኛል?

ተናገረ። «አንድ ባለ ጠመንጃ ነበር፤ አንድ ባላገርም ነበር» ብሎ ጀመረ። የከሳሹን ቃል ተናገረ፤ «እኔስ አገር አይደለሁም ወይ» ያለውን። የተከሳሹን ቃል ተናገረ። አንቀጹን በግእዝ አንበለበለው፤ ተረጎመው። በሬዎቹ ሲነዱ፣ ባላገሩ መሬት ሲስም ተናገረ። ድምፁ የቆርቆሮውን ቤት ሞላው። ጠባቂዎቹ ያለቅሱ ነበር። የደምበጫው ሰው አንገቱን ደፋ። አንድም የሰው ስም ከአፉ አላመለጠም፤ አንድም የቦታ ስም አላመለጠም። ድል አደረገ። የድሉም ዜማ፣ የሃያ ዓመት ልማድ የሆነው ዜማ፣ አፉን እንደ ውሃ ወስዶት እስከ መጨረሻው አደረሰው፤

«መጽሐፉን ከመሬት ያልጣለች፣ በመገነዣ ልብሷ ያሳረፈች ወለተ ሐዋርያትን እግዚአብሔር በቀኙ ያቁማት።»

«አሜን» አሉ ጠባቂዎቹ በአንድ ድምፅ።

የሰማው ያን ጊዜ ነው። የራሱን ድምፅ ሳይሆን የጸሐፊውን ብዕር፤ ወረቀት ላይ ጭር፣ ጭር ሲል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መጽሐፉን አቅፎ ተቀመጠ።

ፍቅረ ሥላሴ ተነሥቶ መጣና ግንባሩን ሳመው። ጉንጩ ላይ እንባ ነበር። «እንዴት ያለ ፍርድ ነው፣ ወንድሜ! ሙሉ ነው። የአንተ ይጸናል» አለው። ከዚያ ወረቀቱን ከጸሐፊው ተቀብሎ፣ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ወደ ሹሙ ቢሮ ሄደ።

የታጠቀ ሰው ተከሶ የተረታበት ችሎት በጣልያን ግዛት ውስጥ አልነበረም። የማን ችሎት እንደሆነ ለማወቅ ሊቅነት አያሻም። የወልደ ሩፋኤል መጽሐፍ ከደብሩ ከግማሽ ቀን መንገድ በላይ እንደማይርቅም የታወቀ ነው። የቀረው የሴትዮዋ ቤት ብቻ ነበር፤ ለእሱም ስም ተገኝቷል፤ ፍቅረ ሥላሴም ወልደ ሩፋኤልን አትንኩብኝ፣ ስሟ ይበቃል ብሎ ሹሙን ለምኗል።

ወልደ ሩፋኤል በሩ ድረስ ሄዶ ልውጣ ብሎ ለመነ፤ በሰደፍ መለሱት። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ሐሙስና ዓርብ አልበላም፤ አልተኛም። የክርስትና ስም ነው እያለ ራሱን አጽናና። በጎጃም ስንት ወለተ ሐዋርያት አለች? ስሟን ከነፍስ አባቷ በቀር ማን ያውቃል? እንዲህ እያለ ቅዳሜ ደረሰ፤ የብርጓል ስንቅ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። በሽቦው በኩል በሹክሹክታ ነገራት።

የብርጓል አልጮኸችም። ስንቁን መሬት አስቀመጠችና፣ «አንድ ነገር ነበር የለመንኩዎ» አለች። ወዲያው ዞራ እየሮጠች ሄደች። በዚያው ቀን፣ ያቺ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት፣ ከደብረ ማርቆስ ሥራነሽ ቤት ድረስ በእግሯ ደረሰች። ሥራነሽም እህሏን ትታ፣ ኩታዋን እንኳ ሳትይዝ ወደ በረሃው ወረደች። ሰኞ ዕለት ከአፋፉ በታች ባዶ ያገኙትን ቤት ሁሉ ሲያቃጥሉ የእሷንም አቃጠሉ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ነገር ግን ደብዳቤው ከየብርጓል ቀድሞ ለየደብሩ ደርሷል፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐዋርያት የሆነች ሴት ሁሉ ትቅረብ፣ የሸሸገ ቄስ ይሰቀላል ይላል። የሥራነሽ የነፍስ አባት አላውቅም ብለው ተገረፉና ዝም አሉ። ሌሎቹ ቄሶች ግን ፈሩ። ስድስት ወለተ ሐዋርያት ተያዙ። አንዷ ዓይነ ስውር ባልቴት ናት፤ አንዷ ጡት የምታጠባ አራስ ናት፤ አንዷ ገና ያላገባች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ምሽጉ ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮው ቤት ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው። እስከ ደብረ ዘይት ድረስ እውነተኛዋ ካልተገኘች ስድስቱም ይሰቀላሉ ተባለ። ወልደ ሩፋኤል በመስኮት ያያቸው ነበር። ልጅቱ ምን አጠፋሁ እያለች አላፊ አግዳሚውን ትጠይቃለች።

በአርባኛው ቀን የምስክር ወረቀት ታደለ። ሹሙ ስም እየጠራ በእጁ ሰጠ። ወልደ ሩፋኤል የእሱን ተቀብሎ ቆሞ ሳለ በበሩ በኩል ግርግር ሆነ። ሥራነሽ ነበረች። ከበረሃው ወጥታ፣ ብቻዋን፣ በእግሯ ነው የመጣችው። ማንም አልያዛትም።

«ወለተ ሐዋርያት እኔ ነኝ» አለች። «እነዚህን ሴቶች ወደ ልጆቻቸው ስደዱ።»

ሹሙ በአስተርጓሚ ወልደ ሩፋኤልን ጠየቀው። ይህች ናት ወይ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሕግ ሲያነበንብ የኖረ አፍ ያን ጊዜ ቃል አላወጣም። ሥራነሽ አየችው። ወረቀቱን አየች፤ ማኅተሙን አየች።

«አያስጨንቋቸው፤ እሳቸው ሐሰት አይናገሩም» አለች። ከዚያ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «መሪጌታ፣ ምርቃትዎ ደረሰኝ» አለችው።

በይጁቤ ገበያ ላይ ሰቀሏት። አለበልም አልተገኘም፣ ባላገሩም አልተገኘም፤ አንዲት ቃል ከእሷ አላወጡም። ኩታዋ ከቤቱ ጋር ነዶ ነበርና ስትወርድ የምትገነዝበት ልብስ ጠፋ። የብርጓል የራሷን አምጥታ ገነዘቻት። ለሳምንታት ያህል ለባሏ እህል ታቀርብለት፣ እግሩን ታጥበው ነበር እንጂ አታናግረውም ነበር። ዝምታዋ ካበቃም በኋላ ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም። ቢያንስ ብትቆጣው ምንኛ በወደደ።

ጣልያን ወጣ። የተረፉት ጠባቂዎች ተሰብስበው ክለሳውን እንደገና አቆሙት፤ የየኔታ ወንበር ላይ የቁዩ ጠባቂ ተቀመጠ። ወልደ ሩፋኤልም በየዓመቱ ከመስቀል ማግሥት ስንቁን ራሱ ቋጥሮ ይሄዳል። ሰባት ቁጥር የተመታበትን መጽሐፉን ዘርግቶ ያስተያያል። የሌላውን ስሕተት ያርማል። በተራው ይቆምና ያን አንድ ፍርድ ይናገራል፤ አሁን ስሞቹን ሁሉ ሙሉ አድርጎ፤ አለበልን፣ ባላገሩን፣ የአፋፉን ቤት፣ «እኔስ አገር አይደለሁም ወይ» ያለውን። አንዲት ቃል አይስትም። ወጣት ጠባቂዎች ይህን ለመስማት ብለው ከሩቅ አገር ይመጣሉ፤ የተራበ ወታደር ትርጓሜ በጎጃም የጸናው በእሱ ፍርድ ነው።

መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያቆማል።

የቁዩ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። «አንጣፊዋስ?» ይለዋል በየዓመቱ። ስሟን ያውቃል፤ እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል።

ወልደ ሩፋኤል አይመልስም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እስኪሞት ድረስ፣ አልመለሰም።

«ጎደለ» ይላል የቁዩ ሰው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣና መጽሐፉን አንግቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።